ድራሙ ዛሬም ሄደ

ሰኞ፣ ግንቦት 4

ዛሬም ሄደ። ከበረንዳው ጥግ ተነስቶ የውሃው በርሜል ጋ ሲደርስ ነው የቆመው። አባዬ ወንበሩን በቂጡ እየገፋ፣ እየመታ፣ ከኋላው ተከተለው። ልይዝለት ብነሳ «ተይው፣ ይደክመውና ይቆማል» አለኝ። ድራሙን ማለቱ ነው። ማን እንደደከመው ግን ያየ ያውቃል። ላቡ በአገጩ ይንጠባጠባል፣ ኮቱን ግን አያወልቅም። በግንቦት፣ በድሬ ሙቀት፣ ኮት! የሽማግሌ ነገር ብዬ ዝም አልኩ።

እሁድ የነጃት ሰርግ ነው። ነጃት የጋሽ አብዱ ልጅ ናት። ጋሽ አብዱና አባዬ በባቡሩ ዘመን በአንድ ባንድ ነው ያረጁት፤ እሱ ቤዝ ጊታር፣ አባዬ ድራም። ነጃት የተወለደች ቀን አባዬ «ስትዳር እኔ ነኝ የምመታላት» ብሎ ቃል ሰጥቷል ይባላል። ማን እንዳስታወሰው እንጃ፣ ብቻ ከፋሲካ ወዲህ ቤታችን ሌላ ወሬ የለም። አንድ ዘፈን ነው። አንድ ዘፈን ብቻ። ለሌላው ጉዳይ ሁሉ «ይደርሳል» የሚል ሰው፣ ለዚህኛው ጠዋት ጠዋት ተነስቶ ይለማመዳል።

እኔም ድራመር ነኝ። ቀን የጉምሩክ ወረቀት ሳመላልስ እውላለሁ፣ ቅዳሜ ማታ ሆቴል እመታለሁ። ያስተማረኝ እሱ ነው። ስለዚህ ጣጣው የኔም ነው።

ድራሙን ልግለጸው፣ ምናልባት ስጽፈው መላው ይታየኝ ይሆናል። በዕድሜ ይበልጠኛል። ቀለሙ ድሮ የወርቅ ብልጭልጭ ነበር፣ አሁን ወደ ሻይ ሄዷል። የሠሪው ስም ያለበት ብረት ከወደቀ ቆየ። ሁሉም ነገር በትልቁ ከበሮ ላይ ነው የተሳፈረው። ትንሹ ከበሮ ከላዩ በአንዲት ሐዲድ መሳይ ብረት ላይ ይቀመጣል፣ ሲምባሉም፣ የሚንሿሿው የነሐስ ሳህን፣ ከዚያው ላይ ይበቅላል። ይህን ሁሉ የተሸከመው ከበሮ ራሱ ግን ሁለት እግር ብቻ ነው ያለው፤ እርሳስ የሚያህሉ፣ አጫጭር፣ ሲፈልጉ ወደ ሆዱ የሚገቡ። የሠሩት ሰዎች ሙዚቀኛው አጣጥፎ ይዞት እንዲሄድ አስበው ነው፤ አልተሳሳቱም፣ አባዬ በባቡር ስንቴ ይዞት ጅቡቲ ወርዷል። የእግሮቹ ጫፍ ያኔ ሹል ነበር፣ የመድረኩ ጣውላ ላይ ይሰካ ነበር። አሁን ዶልዱሟል። የኛ በረንዳ ደግሞ ሴራሚክ ነው። አባዬ ትልቁን ከበሮ በእግር የሚያስመታውን ፔዳል በረገጠ ቁጥር ከበሮው ወደፊት ይንሸራተታል፣ ትንሹ ከበሮና ሲምባሉም አብረው ይነጉዳሉ።

ማታ ራት አቀረብኩ፤ ሁለት ጉርሻ ጎርሶ ጠገብኩ አለ። ስኳር አለበት። ክኒኑን እውጣለሁ ይላል። የሐኪም ቤት ቀጠሮው ካለፈ ግን ቆይቷል።

ማክሰኞ፣ ግንቦት 5

አሪፍ ሐሳብ መጣልኝ ብዬ ነበር። የማይሄድ ድራም እያለ ከሚሄድ ድራም ጋር ምን አታገለን? ከሥራ ቀደም ብዬ ወጥቼ አባዬን ወደ ሆቴሉ ወሰድኩት።

የሆቴሉ ድራም አዲስ ነው። ሁሉም የየራሱ መቆሚያ አለው፣ መቆሚያዎቹ ድርብ ብረት ናቸው፣ በሬ ቢገፋቸው አይነቃነቁም። ስገጣጥማቸው ወገቤ ይቆረጣል እንጂ ከቆሙ ቆሙ ነው። አባዬ ዞሮ ዞሮ አያቸው፣ አንዱን በጣቱ መታ መታ አደረገና ተቀመጠ።

አልደረሰም። ሲምባሉ ሩቅ ነው። እጁን ሲዘረጋ ትከሻው እምቢ አለ። ትንሹን ከበሮ ሊመታ ብሎ ጠርዙን መታው፣ የሚመታበት ስቲክ ከእጁ አምልጦ ከአስተናጋጆቹ እግር ሥር ተንከባለለ። አንዷ አንስታ በሁለት እጇ ሰጠችው። ይህ ሁለት እጅ ነው ያናደደኝ፤ ልጅቷ ምን አጠፋች፣ አክብሮት ነው፣ ግን ለበሽተኛ የሚሰጥ ነው የመሰለኝ።

«ይሄ ድራም አይደለም፣ ሰፈር ነው» አለ አባዬ። «ከዚህ እዚያ ለመሄድ ባጃጅ ያስፈልጋል።»

ሳቅን። በባጃጅ ስንመለስ ግን ከዚራ ሰፈር እስክንደርስ የመንገዱን ዛፎች ሲያይ መጣ።

ሳስበው እንዲህ ነው፤ በአሮጌው ድራም ላይ ሁሉም ነገር ከበሮው ጀርባ ላይ ስለተሳፈረ ከጉልበቱ ርቆ መሄድ አይችልም። ሁሉም እደጁ ነው። እጁን ሳያነሳ፣ ክርኑን ብቻ ፈታ እያደረገ ይመታዋል። ስለዚህ ዛሬ አባዬ ሊመታው የሚችለው ድራም እሱ ብቻ ነው። እሱም አልቆም ያለው ነው። ወይ ጣጣ!

ረቡዕ፣ ግንቦት 6

የሞከርኩት፦

ምንጣፍ። ምንጣፉም አብሮ ሄደ።

ምንጣፉን በማስቲሽ ከሴራሚኩ ጋር ማጣበቅ። ሙቀቱ ማስቲሹን አቅልጦ የአባዬ ጫማ ተጣበቀ። ተሳደበ። ተሳደብኩ።

ብሎኬት ከፊቱ ማስደገፍ። ይሄኛው ሠራ ብዬ ጨፈርኩ። ከዚያ ሲመታው ድምፁ ሞተ። «ዱም» ይል የነበረው «ጥብ» ማለት ጀመረ። ከበሮው ወደፊት መሄድ ሲከለከል ወደ ጎን መዞር አማረው፣ የእንጨት ቀለበቱንም ብሎኬቱ ላጠው። አባዬ ብሎኬቱን አንስቶ ወደ ግቢ ወረወረው። ጉልበቱ ከየት እንደመጣ አላውቅም፣ ወርውሮ ሲጨርስ ግን ግድግዳ ይዞ ቆየ።

ምሳ ሰዓት ታይዋን የሚባለው ገበያ ሄድኩ። ስፒከርና ጊታር የሚሸጥ ሰው አዲስ የድራም እግር አወጣልኝ። ወፍራም፣ ወደ ውጭ የሚንፈራጠጥ፣ ጫፉ ሲፈለግ ላስቲክ ሲፈለግ ሹል የሚሆን። አቦ፣ ልቤ ደስ አላት! ችግሩ፣ በአሮጌው ቀዳዳ አይገባም። ብሎኑም ጥርሱም ሌላ ነው። አዲስ ቀዳዳ መብሳት የግድ ነው። ታዲያ ምን አለበት? አምስት ደቂቃ የማይፈጅ ሥራ ነው ብዬ ደወልኩለት።

«ቀፎውን አትበሺም» አለኝ። ቀፎ የሚለው የከበሮውን የእንጨት አካል ነው።

ቤት ስገባ ደግመን ተከራከርን። ትንሹን ከበሮ ከሐዲዱ ላይ አውርዶ በጠርዙ አንጠለጠለና በጣቱ መታው። ጮኸ፣ ቆየ፣ ቀስ ብሎ ጠፋ። «የናንተዎቹ ሆዳቸው ውስጥ ዘንግ ይሰካባቸዋል፣ ዘንጉ ድምፁን ያንቀዋል። ይሄ ቀዳዳ ስለሌለው ነው የጀመረውን የሚጨርሰው» አለኝ። እውነቱን ነው። እኔም ሆቴል ስመታ የሚጎድለኝ ይሄ ነው። ግን እኔ ስለ ትልቁ ከበሮ ነው የማወራው፣ እሱ ደግሞ ድሮም ቀዳዳ አለው! ሁለት ቢጨመርበት ምን ይሆናል?

«ካልተበሳ እሁድ አትመታም» አልኩት።

«የሰው ሐሳብ ነው፣ እግዜር ያውቃል» አለኝና ዜና ከፈተ።

ቢሮ የአንዱን ነጋዴ ወረቀት በሌላው ፋይል ውስጥ ከትቼ አለቃዬ ጮኸብኝ። ቁጭ ብዬ እግሬ በራሱ ይመታል፤ ጠረጴዛው ሥር ፔዳል ያለ ይመስል።

ሐሙስ፣ ግንቦት 7

መጥፎ ቀን።

ሳይበሳ መላ አለው ብዬ አሮጌዎቹን እግሮች ነቅዬ ደቻቱ ወንዝ ማዶ ያለ በያጅ ጋ ወሰድኳቸው። በላያቸው ላይ የሚጠልቅ ረዘም ያለ የብረት ቱቦ ሠራልኝ፣ ጫፉን በሞረድ አሾለው። ጥሩ አድርጎ ሠርቷል፣ እሱን ምንም አልለውም። ረዥም ይሁን ያልኩት እኔ ነኝ።

ከበሮው ቆመ። ሴራሚኩን ቢቧጭረውም ቆመ። ግን እግሩ ስለረዘመ ፊቱ ወደ ላይ ተነሳ። እሱ ሲነሳ በላዩ የተሳፈሩት ሁሉ ወደ አባዬ ደረት ተጋደሙ። ፔዳሉም የከበሮውን ቀለበት የያዘው በአንዲት ብሎን ነው፤ ቀለበቱ ሲያጋድል የፔዳሉ መያዣ መንጋጋ ላላ። ይህን ሁሉ አየሁት። አየሁትና «ሞክረው» አልኩት።

መታው። ሦስት አራት ጊዜ ደህና ነበር። ከዚያ ትንሹን ከበሮ ሐዲዱ ላይ የምትይዘው ብሎን አመለጠች፣ ከበሮው ተምዘግዝጎ ጉልበቱ ላይ ወደቀ።

አልጮኸም። ትንፋሹን ብቻ ሳበ። ሱሪውን ገልጬ ሳይ ጉልበቱ ቀልቷል፣ ግን አልተላጠም፤ ተመስገን። ስኳር ላለበት ሰው ቁስል ቀልድ አይደለም። በረዶ ያዝኩለት። ስደነግጥ ደግሞ የምናገረውን አላውቅም። «በቃ! ሰርጉም ይቅር፣ ቃሉም ይቅር! እሁድ አትመታም!» ብዬ ጮህኩበት፣ ጎረቤት እስኪሰማ።

«እሺ» አለኝ።

ተጣልቶኝ፣ ሰድቦኝ ቢሆን ይሻለኝ ነበር። አባዬ በሕይወቱ እሺ ብሎኝ አያውቅም። ስቲኮቹን በጨርቅ ጠቅልሎ ቁም ሳጥኑ አናት ላይ አስቀመጣቸው። ያ እሺ አሁን ስጽፍ እንኳ ጆሮዬ ውስጥ አለ።

ዓርብ፣ ግንቦት 8

ጋሽ አብዱ ከጁምዓ መልስ መጣ። በእጁ ሙሸበክ፣ ያን በስኳር የራሰ ጣፋጭ፣ ይዟል። ለስኳር በሽተኛ ሙሸበክ! እኔ ተቀብዬ ወደ ጓዳ ሸሸግሁት፣ እሱ ምንም አላስተዋለም። ሰውየው ሲገባ በሩን ይሞላዋል። ገና ድራሙን ሲያይ ተንከተከተ።

«ዋሪያ! ይሄ ድራም ነው ግመል? ማነው እግሩን እንዲህ የሳበው?»

አባዬ በአገጩ ወደኔ ጠቆመ። ጋሽ አብዱ ጎንበስ ብሎ ቱቦዎቹን ነቀላቸውና ከበሮውን በአሮጌ እግሩ አቆመው። ከዚያ ዙሪያውን ሲፈልግ ቆየ።

«ገመዱስ? ያ ተፈራ፣ ገመዱ የት ሄደ?» አለው አባዬን።

«የምን ገመድ?» አልኩ።

አባዬ ወደ ግቢው ዞሮ ዛፍ ያያል።

ጋሽ አብዱ ነገረኝ። ያኔ ሁልጊዜ ከበሮውን ከድራመሩ ወንበር ጋር በገመድ ያስሩት ነበር። ከበሮው ወደፊት ልሂድ ሲል ገመዱ ይወጠራል፣ ወንበሩ ላይ የተቀመጠው ሰው ክብደት ይይዘዋል። ሁሉም ባንድ እንዲህ ነበር የሚያደርገው። «ያንቺ አባት ከተቀመጠ ማን ያነቃንቀዋል! ባቡሩ ራሱ አይጎትተውም ነበር» አለና ደግሞ ሳቀ።

አራት ቀን ሙሉ በምንጣፍና በብሎኬት ስንቃጠል መልሱ ገመድ ነው? አባዬ ላይ አፈጠጥኩ። የልብስ ማስጫውን ገመድ ፈትቼ ሮጥኩ። አንዱን ጫፍ ከከበሮው ሥር፣ ሌላውን ከወንበሩ እግር ጋር አሰርኩ። «በል ተቀመጥ» አልኩት። ደስ ብሎኝ ነበር፣ ምን ልዋሽ።

ተቀመጠ። ጋሽ አብዱ ቤዙን በአፉ እያሰማ ጀመረለት። አባዬ ገባ። ከበሮው ትንሽ ተንሸራተተ፣ ገመዱ ተወጠረ።

ከዚያ ወንበሩ ተንቀሳቀሰ።

አባዬ ተቀምጦበት። ቀስ እያለ፣ ፔዳሉን በረገጠ ቁጥር፣ ከበሮው ከነወንበሩ ይጎትተው ነበር። የወንበሩ እግር ሴራሚኩ ላይ ሲሲሲ ይላል። ጋሽ አብዱ ሳቅ ጀምሮ መሀል ላይ ተወው። አባዬ መምታቱን አቆመ።

«አውቀዋለሁ» አለ። «ከፋሲካ በፊት ብቻዬን ሞክሬዋለሁ።» ተነስቶ ወደ ውስጥ ገባ።

ጋሽ አብዱ ድምፁን ዝቅ አድርጎ «መቼ ነው እንዲህ የሆነው?» አለኝ። አንድ ጣራ ሥር ነው የምንኖረው። እኔ እኮ ነኝ ልብሱን የማጥብለት! ኮቱን የሽማግሌ ብርድ ነው ብዬ ዝም ያልኩ እኔ ነኝ። ጋሽ አብዱ ሲሄድ የአባዬን ሱሪ አነሳሁ፤ ቀበቶው ላይ በምስማር የተበሱ አዳዲስ ቀዳዳዎች አሉ፣ አንዱ ከሌላው ወደ ውስጥ እየገባ። እማዬ ብትኖር ይሄ ሁሉ ሳይደርስ ታየው ነበር። ጓዳ ገብቼ አለቀስኩ። አልቅሼ ስጨርስ ደግሞ ተናደድኩ፤ በሱም በራሴም።

ቅዳሜ፣ ግንቦት 9

ጠዋት ፊት ለፊት ነገርኩት። «አባዬ፣ ከስተሃል። ሐኪም ቤት እንሄዳለን።»

«ከሰርጉ በኋላ።»

«እሺ፣ ሰኞ።»

«እናያለን።»

እናያለን ማለት በሱ ቋንቋ እምቢ ነው። ክኒኑን ጠየቅኩት፣ አለ አለ። ብልቃጡን ሳይ አቧራ ይዟል። ለምን ብለው ክኒኑ ሆዱን እንደሚያውከው፣ ሐኪሙ ደግሞ እግሩን ሲያይ ፊቱን እንዳጨማደደበት፣ ከዚያ ወዲህ መሄድ እንዳስጠላው ነገረኝ። ይህን ያህል ካወራ ለሱ ብዙ ነው። እኔ ግን ብዙ የምለው ነበረኝና ሁሉንም አልኩት። አልሰማኝም።

ዝም ብዬ መቀመጥ አልችልም። የዱቄት ጆንያ ወስጄ ደቻቱ ወረድኩ፣ አሸዋ ሞልቼ በባጃጅ አመጣሁ። ከወንበሩ ሥር አንጠልጥዬ አሰርኩት፣ ራሴ ተቀምጬ ከበሮውን ባለ በሌለ ኃይሌ ረገጥኩት። አልተነቃነቀም! አባዬን ጠራሁት።

በሩ ላይ ቆሞ ጆንያውን አየ።

«ሰው ሁሉ እያየኝ በአሸዋ ልታስሪኝ ነው?» አለ። «ተፈራ አለቀ፣ ጆንያ ደግፎት መጣ እንዲባል?»

«እንዳለቅህ እንዳይታወቅ ብለህ ልትሞት ነው?» አልኩት። ቃሉ ከአፌ ከወጣ በኋላ ነው የሰማሁት።

ፊቱን ወደ ውስጥ አዞረ። ከዚያ «ጉልበቱን አሞታል በያቸው። አልሄድም» አለ። ጆንያውን እየጎተትኩ አውጥቼ ከአጥሩ ሥር ደፋሁት።

ጋሽ አብዱ ሁለት ጊዜ ደወለ፣ አላነሳሁም። ምን እለዋለሁ? ሆቴል ሄጄ በንዴት ስመታ አንዱን ስቲክ ሰበርኩ፣ ሥራ አስኪያጁ መጥቶ «ሰው እራት እየበላ ነው እኮ» አለኝ። ሐሳቤ ሁሉ ቤት ነው። የሚፈራው ሞት አይመስለኝም፣ የሚፈራው ሰው «ምነው ከሳህ» ብሎ እንዳይጠይቀው ነው። እኔም ብሆን እንዲሁ ነኝ፣ ከማን ወጣሁና።

እሁድ፣ ግንቦት 10

ከሰርጉ ገና መመለሳችን ነው፣ ቶሎ ልጻፈው።

ጠዋት ስነሳ አባዬ ሙሉ ልብሱን ለብሶ በረንዳ ላይ ቆሟል። ስቲኮቹ በኪሱ። ትናንት ምንም ያላለ ይመስል «ባጃጅ አልጠራሽም?» አለኝ። ምን ሐሳቡን እንደቀየረው አልጠየቅኩም፣ ጠይቄው እንደገና ቢቀይረውስ። አልተነጋገርንም። እሱ አንዱን ይፈታል፣ እኔ ሌላውን እጭናለሁ። ትልቁ ከበሮ ባጃጁ ጣራ ላይ፣ ሲምባሎቹ እኔ ጭን ላይ፣ ትንሹ ከበሮ እሱ ጭን ላይ።

መጋላ ሰፈር ጋሽ አብዱ ግቢ ደርሰን ስናወርድ ወንበሩ የለም። እኔ እሱ ይዞታል ብዬ፣ እሱ እኔ ይዤዋለሁ ብሎ፣ ተኳርፈን እቤት ትተነው መጥተናል። ብንነጋገር ኖሮ ይህ አይሆንም ነበር። የድንኳኑ ወንበር ሁሉ ፕላስቲክ ነው፣ ሰው ሲነሳበት ነፋስ የሚወስደው። ጋሽ አብዱ ጊታሩን አንገቱ ላይ አንጠልጥሎ ይጠብቃል፣ የሆቴል ጓደኞቼ ኪቦርድና ሳክስፎን ይዘው ይጠብቃሉ፣ እንግዳው ይጠብቃል።

መድረክ ከተባለው ቦታ ጎን ከእድሩ የመጣ ረጅም የእንጨት አግዳሚ አለ። ላዩ ላይ የሙሽራዋ አክስቶች ተቀምጠዋል፤ ሦስት ናቸው፣ አንዷ ከአንዷ ትወፍራለች። ጎንበስ ብዬ አግዳሚውን ለትንሽ ጊዜ እንዲለቁልኝ ለመንኳቸው።

«ወላሂ አንነሳም!» አለች ትልቋ፣ አዴ ሞሚና። ሳህን ይዛ ትበላለች። «ሌሊቱን ሙሉ ቆመን ስንሠራ አድረን አሁን ነው ቂጣችን መሬት ያገኘው። ተፈራ ከሆነ ይምጣ፣ ቦታ አለ።» እህቶቿን በዳሌዋ ገፋ አደረገቻቸው።

አባዬ ሄዶ መሀላቸው ተቀመጠ። ምን ላድርግ? ከበሮውን ከፊቱ አቆምኩ፣ ገመዱን ከአግዳሚው ጋር አሰርኩ፣ በቀረችው ጫፍ እኔ ቁጭ አልኩ። የድንኳኑ መሬት በላስቲክ ምንጣፍ የተሸፈነ ነው፤ ከበሮ ሲንሸራተትበት ደስ የሚለው ዓይነት። ጋሽ አብዱ ወደኔ አየ። ዓይኔን ጨፍኜ በራሴ ምልክት ሰጠሁት።

ቤዙ ገባ። አባዬ ገባ።

ዓይኔን ገልጬ ገመዱን ብቻ ነው የማየው። ተወጠረ። አግዳሚው አንድ ጊዜ ሲጥ አለ። ከዚያ ምንም። ከበሮው ንቅንቅ አላለም። አዴ ሞሚና በግራ እጇ ሳህኗን ይዛ በቀኝ እጇ ጭኗን እየመታች ታጅበዋለች፣ ሌሎቹ ሁለቱ ትከሻቸውን ይሰብቃሉ፣ አግዳሚው ከነሱ ጋር ይወዛወዛል እንጂ ወደፊት አይሄድም። አባዬ ሁለት ጊዜ ከበሮውን ሾለቅ አድርጎ አየው፣ ሊከተለው ተዘጋጅቶ። በሦስተኛው ማየቱን ተወ።

ያን ድምፅ ልጅ ሆኜ ነው የሰማሁት። ትልቁ «ዱም»፣ ትንሹ ከበሮ ጮኾ ቀስ ብሎ ሲጠፋ፣ ሲምባሉ አፍንጫው ሥር። እጁን ብዙም አያነሳም። ነጃት ከነቬሏ ከፊቱ መጥታ ጨፈረች፣ ጋሽ አብዱ እያለቀሰ ይጫወታል፣ አያፍርም። አንድ ዘፈን ነበር ቃሉ፤ ሲጨርሱት ደግመው ከመጀመሪያው ጀመሩት። እኔ ምንም አልሠራሁም። ቁጭ ብዬ ከበድኩ፣ በቃ።

ሲያበቃ ጭብጨባው ገና ሳይሞት አዴ ሞሚና ወደ አባዬ ዞረች። የእጁን አንጓ በጣቶቿ ያዘችው፣ ጣቶቿ ዞረው ተገናኙ። ድምፅ መቀነስ የምታውቅ ሴት አይደለችም።

«ያ ተፈራ! ምን ሆነህ ነው እንዲህ የከሳኸው? አሞሃል እንዴ?»

ሰዉ ሁሉ ዞረ። መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ በወደድኩ። አባዬ ስቲኮቹን ጉልበቱ ላይ አኖረ። ላቡን ጠረገ። እኔን አየኝ፣ ጋሽ አብዱን አየው። እጁን ግን አልነጠቃትም።

«ስኳር ነው፣ አዴ» አለ። «መድኃኒቱን ትቼ ነው። ነገ ከልጄ ጋር ሐኪም ቤት እሄዳለሁ።»

ሁሉም ሰማ። ጋሽ አብዱም ሰማ። አዴ ሞሚና «ታዲያ ብላ እንጂ!» ብላ ሳህኗን አቀረበችለት፣ እህቷ «ሩዝ ለስኳር አይሆንም» ብላ መለሰችው፣ ሦስተኛዋ ባሏ በስኳር ጊዜ ምን ይበላ እንደነበር መዘርዘር ጀመረች። ሦስቱም በአማርኛም በኦሮምኛም ሲጨቃጨቁ አባዬ መሀላቸው ተቀምጦ ሥጋውን ቀስ እያለ በላ።

ሐኪሙ ነገ ምን እንደሚለን አላውቅም። እግሩን አይቶ ፊቱን ሊያጨማድድ ይችላል፤ የዘገየን ልንሆን እንችላለን። ፈርቻለሁ፣ በጣም። ከባጃጁ ስንወርድ ሾፌሩን ነገ ጠዋት እንዲመጣልን ነገርኩት። ከኋላዬ አባዬ ከበሮውን ደገፍ ብሎ እንደቆመ፣ «በጊዜ ና፣ ከረፈደ ወረፋ አለው» አለው።